ኮምፒዩተርንና ራዲዮን ስለሚያገናኘው መሣሪያ፤ ከጉለሌ ሁኖ ለሚመርጥ ሰው የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

ጉለሌ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ከእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ከፍታው የራዲዮ ሰውን ደስ ያሰኛል፤ ባሕር ዛፉም ያለ ምሰሶ ወጪ የአንቴና ሽቦ ለመስቀል ይመቻል። ይሁን እንጂ የእንጦጦ ጀርባ ወደ አውሮፓ በሚወስደው አቅጣጫ ፊት ለፊት ተገትሮ ስለሚቆም፥ ከአድማስ ዝቅ ብሎ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሞገድ በከፊል ይጋርዳል። ስለዚህ ከዚህ ሰፈር በጥቂት ኃይል የሚናገር አማተር ድምፁ ደክሞ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በደካማ ድምፅ ሩቅ ለመድረስ ደግሞ በዛሬው ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ በአፍ መናገር ሳይሆን፥ በኮምፒዩተር የተጻፈውን ቃል ወደ ድምፅ ለውጦ ያንን ድምፅ በራዲዮ መላክ ነው።

ለዚህ ሥራ በኮምፒዩተሩና በራዲዮው መካከል አንድ ትንሽ መሣሪያ ይገባል። ስሙን የድምፅ ማገናኛ ብለነዋል። ሥራውን ሊጀምር የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፥ በእኛ አስተያየት ከእርሱ በፊት መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «በምን ፊደል ልትጽፍ ነው?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚያያዙ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሽቦውና ስለ ጣቢያው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ስለ ተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ስለ መጋጠሚያው ግን፥ ማለት አንዱ መሣሪያ ከሌላው፥ ሰውም ከመሣሪያው ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ፥ የሚጽፍ ብዙ የለም። ችግሩ ግን ዘወትር የሚነሣው ከዚያ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ ከዚህችው ከተማ እንጠቅሳለን። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከተነሡ በኋላ፥ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማው ተዘረፈ፥ ተቃጠለም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሌጋሲዮን በአደጋ ላይ ወድቆ ነበርና ሚኒስትሩ ኮርኔሊየስ ኤንገርት ከእንግሊዝ ሌጋሲዮን እርዳታ ለመጠየቅ ፈለጉ። በሁለቱ ሌጋሲዮኖች መካከል ያለው ርቀት በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚቈጠር ነበር። ነገር ግን በከተማው ውስጥ መልእክት የሚተላለፍበት መንገድ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው በአሜሪካ የባሕር ኃይል የራዲዮ ሰዎች እጅ ወደ ዋሽንግተን ተላከ፤ ከዋሽንግተን ወደ ሎንዶን፥ ከሎንዶንም ተመልሶ አዲስ አበባ ወዳለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ደረሰ። ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር ለማለፍ ቃሉ ውቅያኖስን ሁለት ጊዜ ተሻገረ። ራዲዮ በከተማው ውስጥ አልጠፋም፤ የጠፋው አንዱን ከሌላው የሚያገጥመው ነው።

በቴሌግራፍ ዘመን ይህ መጋጠሚያ ሰው ነበር። የሞርስ ሠራተኛ በጆሮው ይሰማል፥ በእጁ ይጽፋል። ጆሮው አጭርና ረጅም ድምፅ እስከለየ ድረስ ጽሑፉ በላቲን ይሁን በግዕዝ ፊደል ለመሣሪያው ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ግድ የሚለው ለሰውየው ነበር። ቴሌፕሪንተር የተባለው ማሽን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ይህ ማሽን እያንዳንዱን ፊደል በአምስት ምልክት ይወክላል፤ እያንዳንዱ ምልክት አለ ወይም የለም ከመባል በቀር ሌላ ዐይነት ስለሌለው የሚገኘው ድምር 32 ብቻ ነው። በመቀያየሪያ ቍልፍ እጥፍ ቢደረግ እንኳ ከ64 አያልፍም። ላቲን በዚህ ውስጥ ተመችቶት ይገባል። የእኛ ፊደል ግን 33 ሆሄያት በ7 እየተባዙ፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ፥ 231 ይሆናሉ። ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ የታገሉት ችግር እንደገና በባሰ መልኩ ተነሣ፤ ምክንያቱም በጽሕፈት መኪና ላይ የሚጐድለው ቦታ ሲሆን በቴሌፕሪንተር ላይ የሚጐድለው ቍጥር ነው። በ1945 ዓ.ም. በተቋቋመው በንጉሠ ነገሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በመፈልሰፍ ለዚህ መልስ ሰጡ። ለሥራቸው የሚገባው ክብር በተማሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ሞልቶ አልተሰጠም ብለን እናምናለን። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚያ ዘመን ፊደሉ በብረቱ ውስጥ የታሰረ መሆኑ ነው። ፊደል ለመለወጥ ማሽን መለወጥ ያስፈልግ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ አማተሮች ከጦር ሠራዊት የተረፉ ቴሌፕሪንተሮችን በርካሽ እየገዙ ከራዲዮአቸው ጋር ያገናኙ ጀመር። ዘዴው አር ቲ ቲ ዋይ ይባላል። በሁለት የተለያዩ ድምፆች አማካይነት ጽሕፈት ይተላለፋል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 45 ምልክት ያህል ነው። በማሽኑና በራዲዮው መካከል የሚቀመጠው ሣጥን በቫልቭና በማጣሪያ የተሞላ ከባድ ዕቃ ነበር። የዛሬው የድምፅ ማገናኛ አያት እርሱ ነው እንላለን። ሌላ አያትም አለው፤ እርሱም ፎን ፓች የተባለው ነው። በባሕር ማዶ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ከቤተ ሰባቸው ጋር ሲነጋገሩ፥ በአገራቸው ያለው አማተር የራዲዮውን ድምፅ በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ከስልክ መስመር ጋር ያገናኝላቸው ነበር። ትራንስፎርመሩ ድምፁን ያሳልፋል፥ ኤሌክትሪኩን ግን ከኤሌክትሪኩ ለይቶ ያቆያል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በኢትዮጵያ በዚያ ዘመን የታወቀው የአማተር ጣቢያ በአስመራ በነበረው በአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ውስጥ ሲሆን፥ መጠሪያው ኢ ቲ 2 ዩ ኤስ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የአማተር ራዲዮ ለብዙ ዓመታት ዝም አለ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ እንደገና ሲነሣ፥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ ከጉለሌ ቍልቁል በአምስት ኪሎ ካለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዓለም ተሰማ። ተማሪዎች የራዲዮ ጣቢያ ከፍተው ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ቦታ በመሆኑ የዚህ ጥናት ምክንያት እርሱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዝምታው ዘመን በውጭ አገር ታላቅ ለውጥ ተደርጎ ነበር። ኮምፒዩተር በየቤቱ ገባ፤ ለሙዚቃና ለጨዋታ ሲባል ሳውንድ ካርድ የተባለ ድምፅ ሰጪና ድምፅ ተቀባይ ክፍል ተጨመረለት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ፒተር ማርቲኔዝ የተባለው እንግሊዛዊ አማተር፥ በፖላንዳዊው በፓቬል ያሎቻ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀውን ፒ ኤስ ኬ 31 የተባለ ዘዴ በዚሁ ሳውንድ ካርድ እንዲሠራ አድርጎ ለሁሉ በነጻ ሰጠ። ያን ጊዜ የቫልቩ ሣጥን አለቀለት። ድምፁን የሚያጣራውና የሚፈታው ፕሮግራሙ ሆነ። በ2017 ደግሞ፥ በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ጆሴፍ ቴይለር ከስቲቭ ፍራንክ ጋር ሁነው ኤፍ ቲ 8 የተባለውን አወጡ። ይህ በጆሮ ፈጽሞ የማይሰማውን ድምፅ እንኳ አንጥሮ ያነባል።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ማገናኛው የሚሠራው ሥራ ሦስት ነው። ከራዲዮው የሚወጣውን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል፤ ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውን ወደ ራዲዮው ያስገባል፤ ለመላክ ጊዜው ሲደርስ የራዲዮውን የመላኪያ ቍልፍ ይጫናል። ሻጮች በማስታወቂያቸው የሚያጐሉት የሳውንድ ካርዱን ጥራት ነው። ስሌቱን ላደረገ ሰው ግን ይህ ከንቱ ነው። በአጭር ሞገድ ራዲዮ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ከ300 እስከ 3000 ኸርዝ ገደማ ነው። ርካሹ ካርድ እንኳ በሰከንድ 48000 ጊዜ ይለካልና እስከ 24000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል። የ16 ቢት ልኬትም ወደ 96 ዴሲቤል የሚጠጋ ስፋት ስላለው፥ ከአንቴናው ከሚገባው ጩኸት ይልቅ እጅግ የጸዳ ነው። ለሙዚቃ የተሠራ ውድ ካርድ ገዝቶ ለዚህ ሥራ ማዋል፥ በሸማኔ ጥበብ የተሠራ ኩታ ለብሶ ጭቃ እንደ ማቡካት ነው።

ዋናው ነገር ያ ቀደም ብለን አደራ ያልነው ነው፤ መለየት። ኮምፒዩተሩ ከ220 ቮልት የሚመጣ የራሱ መብራት ማስገቢያ አለው፤ ራዲዮውም የራሱ አለው። ሁለቱን በቀጥታ ሽቦ ያገናኘ ሰው በሁለት መንገድ ወደ መሬት የሚወርድ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ የ50 ኸርዝ ጕምጕምታ ይዞራል፥ ከሚላከውም ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። በጉለሌ እንደምናየው በብዙ ቤት የመሬት መስመሩ የይስሙላ ነው፥ ወይም ጨርሶ የለም። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ሲሠራ ጕምጕምታው ከጠፋ በሽታው ይህ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከዚህ ሌላ፥ ከባሕር ዛፍ ወደ መስኮት በቀጥታ የሚገባ የአንቴና ሽቦ ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ፥ ራዲዮው ሲልክ የራሱ ሞገድ በዩኤስቢ ገመድ ተመልሶ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ያስቆማል።

የዚህ መድኃኒት ርካሽ ነው። በመግቢያና በመውጫ በኩል አንድ ለአንድ የሆነ 600 ኦም የድምፅ ትራንስፎርመር፤ ለመላኪያው ቍልፍ ኦፕቶካፕለር፥ ማለት ትእዛዙን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፤ በገመዱ ላይ ደግሞ የፌራይት ቀለበት። የኮምፒዩተሩ መውጫ አንድ ቮልት ያህል ሲሆን የማይክሮፎን መግቢያ የሚፈልገው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ፥ 10000 ኦምና 100 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ድምፁን ወደ መቶኛው ያወርዱታል። ይህ ሁሉ በአንዲት የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ ቆርቆሮዋም ራስዋ ከሞገድ ትከላከላለች።

ለምርጫ የሚቀርቡት በገበያ ላይ ካሉት ሦስት ዐይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ሲግናሊንክ ያለ ተሠርቶ ያለቀ ሣጥን ነው። ሳውንድ ካርዱ በውስጡ ነው፥ ትራንስፎርመርም አለው፥ ድምፅ ሲሰማ ቍልፉን በራሱ ይጫናል። መልካም ዕቃ ነው፤ ግን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው እንደ አይኮም አይ ሲ 7300 ያለ ማገናኛው ከውስጡ የተሠራለት ራዲዮ ነው፤ በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ሁሉም ነገር ያልቃል። አዲስ ራዲዮ ለመግዛት አቅም ላለው ክበብ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሦስተኛው ሲ ኤም 108 የተባለውን ቺፕ የያዘች አውራ ጣት የምታህል የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ገዝቶ የቀረውን በእጅ መሥራት ነው። የዚህ ቺፕ አንዷ እግር በፕሮግራም ስለምትታዘዝ ለመላኪያው ቍልፍ ታገለግላለች፤ ስለዚህ ዛሬ በላፕቶፖች ላይ የማይገኘው የሲሪያል መግቢያ አያስፈልግም። ነገር ግን እግሯ ከጥፍር የቀጠነች ስለሆነች የሚበይዳት ሰው እጅ የማይንቀጠቀጥ መሆን አለበት።

አንዳንዶች ሁለት ገመድ ብቻ ገዝተው፥ ከኮምፒዩተሩ ከራሱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በቀጥታ ይሠራሉ። ይህን አንመክርም። የቀለበቱ ነገር እንዳለ ሁኖ፥ ኮምፒዩተሩ ደብዳቤ መጣ ብሎ የሚያሰማው ደወል ሁሉ በአየር ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ፊደሉ ጥያቄ ደርሰናል። የግዕዝ ፊደል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ይህ ለራዲዮ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ፊደሉ ከብረቱ ውስጥ ወጥቶ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀመጠ። ሣጥኑ የሚያየው ድምፅ ብቻ ነው፤ አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ አያውቅም። ፍልዲጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በፒ ኤስ ኬ 31 ግዕዝን መላክ ይችላል። ኤፍ ቲ 8 ግን አይችልም፤ በእርሱ የሚላከው ነጻ ጽሑፍ ከ42 ዐይነት ምልክት የተውጣጣ 13 ምልክት ብቻ ነው፥ ከእነዚያም ውስጥ አንድም የእኛ ሆሄ የለም። በዚህ በኩል ሲታይ የቴሌፕሪንተሩ ጥበት በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል።

ፊደሉ መላኩ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በዩ ቲ ኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ነው። ፒ ኤስ ኬ 31 ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚዘወተሩትን ፊደላት በአጭር፥ ሌሎቹን በረጅም ምልክት ይልካል። ሒሳቡን ሠርተን እንዳየነው «አዲስ አበባ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ 80 ምልክት ያህል ነው፤ በሰከንድ 31.25 ምልክት ስለሚሄድ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በራሳችን ፊደል ስድስቱ ሆሄያት እያንዳንዳቸው 39 ምልክት ያህል ስለሚወስዱ ከ7 እስከ 8 ሰከንድ ይፈጃል። ጊዜው ብቻ ቢሆን ትዕግሥት ይበቃ ነበር። የባሰው ግን ከሦስቱ ባይት አንዱ እንኳ ቢበላሽ ሆሄው በሙሉ መጥፋቱ ነው። ከመቶ ባይት ሁለት ቢበላሹ እንግሊዝኛ የሚጽፈው ሰው ከመቶ ፊደል ሁለት ያጣል፥ ቃሉንም በግምት ይሞላዋል። አማርኛ የሚጽፈው ግን ከመቶ ሆሄ ስድስት ገደማ ያጣል።

ስለዚህ በአማርኛ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ከእንግሊዝኛ ጸሐፊው ይልቅ የጸዳ ድምፅ ያስፈልገዋል። በውጭ አገር መጽሔት «ይህ ይበቃል» የተባለለት ማገናኛ ለእኛ ላይበቃ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ፥ አማርኛው ሲበላሽበት ፊደሉን ይወቅሳል፥ ወደ ላቲንም ይመለሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከፊደሉ ሳይሆን ከጕምጕምታውና ከመጠን በላይ ከተለቀቀው ድምፅ ነው። ድምፁ ሲበዛ የራዲዮው ኤ ኤል ሲ የተባለው መለኪያ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜ የሚላከው ጠባብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ግራና ቀኝ ይፈስሳል፥ ጎረቤቱንም ያውካል። መርፌው ከቦታው እስከማይነቃነቅ ድረስ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ውድ ሣጥን ይበልጣል።

ከአገራችን አቀማመጥ የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ። አዲስ አበባ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለሳይንስ ሰዎች ትልቅ ዋጋ የሰጠውም ይኸው አቀማመጥ ነው። በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ይናወጣል፤ በእርሱ ያለፈው ሞገድም ይንቀጠቀጣል። ፒ ኤስ ኬ 31 መልእክቱን የሚሸከመው በሞገዱ ምት ላይ ስለሆነ በዚህ መንቀጥቀጥ ክፉኛ ይጐዳል። እንደ ኤም ኤፍ ኤስ ኬ 16 ያሉት፥ መልእክቱን በ16 የተለያዩ ድምፆች የሚሸከሙትና የተበላሸውን የሚያርሙት፥ ይሻላሉ፤ ፍልዲጂም በእነርሱ ግዕዝን ያሳልፋል። ስለዚህ ማታ ማታ አማርኛ ለመጻፍ እነዚህ ይመረጣሉ። ቀን ላይ ፒ ኤስ ኬ 31 ምንም አይልም።

በነገራችን ላይ የዓለሙን ሰዓት ለሚቈጥር ጀማሪ አንድ ነገር እንንገረው። በፈረንጁ ሰዓት አቈጣጠር ከአዲስ አበባው ሦስት ይቀንሳል፤ በእኛ የቀን ሰዓት ግን ሦስት ይጨምራል። ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን የዓለሙ ሰዓት 9 ነው። ኤፍ ቲ 8 በየ15 ሰከንዱ ተራ የሚጠብቅ ስለሆነ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ሁለት ሰከንድ ያህል ከሳተ ማንም አይሰማህም።

ባለን ግምት በጉለሌ ላለ የተማሪ ክበብ የሚሻለው ሦስተኛው፥ በእጅ የሚሠራው ነው። ምክንያታችን ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ተሠርቶ የመጣው ሣጥን ሲበላሽ የሚጠግነው አይገኝም፤ ትራንስፎርመሩን በገዛ እጁ ያስገባ ተማሪ ግን ጕምጕምታው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ገንዘብ ከተረፈ ለካርዱ ሳይሆን ለትራንስፎርመሩ ይጨመር፤ ርካሹ ትራንስፎርመር ዝቅተኛውን ድምፅ ይበላልና ሲገዛ ከ300 ኸርዝ ጀምሮ የሚያሳልፍ መሆኑ ይጠየቅ። ሥራው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የሚፈተነው በሩቅ አገር ሳይሆን፥ ከሽሮ ሜዳ እስከ አምስት ኪሎ ባለው ርቀት፥ በ5 ዋት፥ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል በሙሉ በመላክ ይሁን። ተቀባዩ ከ231 ሆሄያት ስንቱ እንደ ደረሰው ይቍጠር፤ ከዚያም ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ተነቅሎ ያው ፊደል ይደገም፥ ሁለቱም ቍጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ።